ተቆልፎ የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና፦ ጥራቱ በምን ይታወቃል?

የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ክፍል የሚያገለግለው ድንገተኛው ሕመም ጋብ ብሎላቸው ገና ራሳቸውን ችለው መኖር ላልቻሉ ሰዎች ነው። ጥበቃ ያለው ሲሆን በሩ ይቆለፋል፤ ታማሚው ሐኪም ሳይፈቅድ አይወጣም። ወደዚህ ዓይነቱ ክፍል የሚገቡት ስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር የሚባለው ሕመም የጸናባቸው፣ መድኃኒት በቀላሉ ያልመለሳቸው፣ ራሳቸውን ወይም ሌላ ሰው ይጎዳሉ ተብሎ የሚሰጋላቸው ናቸው። አንዳንዶቹም ታመው ሳሉ በፈጸሙት ድርጊት ተከሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የመጡ ናቸው። ቆይታው ወራት ይወስዳል፤ ዓመታትም ሊሆን ይችላል።

ሰውን ቆልፎ ማከም ከባድ ሥልጣን ነው። ሥልጣኑ ተገቢ የሚሆነው ከበሩ ወዲያ ሰውየውን የሚያሽል ሥራ በርግጥ ሲሠራ ብቻ ነው። ይህ ሥራ በሌለበት ክፍሉ በስሙ ሆስፒታል ይባል እንጂ በግብሩ እስር ቤት ነው። ስለዚህ ጥራቱ ሲመረመር የሚጠየቀው የአጥሩ ቁመት ወይም የአልጋው ብዛት አይደለም፤ ታማሚው በውስጡ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ መቼ እንደሚወጣና ከወጣ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ከአማኑኤል ሆስፒታል ተለይቶ አይታይም። ሆስፒታሉ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው በዚሁ ግቢ ነው። የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት የአእምሮ ሐኪም መሆን የፈለገ ሁሉ ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ፍርድ ቤት የሚልካቸው ሰዎች የሚመረመሩበትና የሚታከሙበት የፎረንሲክ ክፍልም በአማኑኤል ይገኛል። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ያለው የገፈርሳ ማገገሚያ ማዕከል ደግሞ ረጅም ቆይታ የሚያስፈልጋቸውን፣ ብዙዎቹም ጠያቂ ዘመድ የሌላቸውን ሕሙማን ይዞ ይኖራል።

ሕጉም ለዚህ ዓይነቱ ቆይታ ቦታ ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ድርጊቱን ሲፈጽም በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ያልተረዳ ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም ይላል። ፍርድ ቤቱ ግን ሰውየው ተገቢ በሆነ ተቋም እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ማዘዝ ይችላል። እንዲህ የገባ ሰው የእስራት ዘመን ቆጥሮ የሚወጣ ፍርደኛ አይደለም፤ መውጫው መዳኑ ነው። መዳኑን የሚያመጣው ሕክምና ካልቀረበለት ቀኑን የሚቆርጥለት ነገር የለም።

ከጎጃም ደጋ ሲታይ ይህ ሁሉ ሩቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ መንገዱም የዓባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣ ነው። የደብረ ማርቆስ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከጎዛምን፣ ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድ፣ ከጮቄ ሥር ካለው ከቢቡኝም ሳይቀር ቤተ ዘመድ ታማሚውን ይዞ ይመጣል። ለወራት የሚያቆይ ማገገሚያ ሲያስፈልግ ግን የሚጠራው የአዲስ አበባው ስም ነው። ሁለት ሰው አስታማሚ ሆኖ ለመሄድ የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የቀለብ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ጊዜው የእርሻ ወይም የአጨዳ ከሆነ ደግሞ የቤቱ የዓመት እህል አብሮ ይቀራል። ብዙው ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ሳይሄድ ይቀራል፤ ከሄደም አንዴ ሄዶ ለቀጠሮ መመለስ ያቅተዋል።

በዚህ መካከል የተቆለፈውን ክፍል ሥራ የሚሠራው ቤት ነው። ታማሚው ሲብስበት እግሩን በገመድ ወይም በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ማሰር በገጠር ኢትዮጵያ የታወቀ ነገር ነው። በደቡቡ የሶዶ ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቤተሰቦች የሚያስሩት ከጭካኔ የተነሣ አይደለም። ልጁ ጠፍቶ ገደል እንዳይገባ፣ ጎረቤት እንዳይመታ፣ ወይም ጎረቤት እንዳይመታው ፈርተው፣ በአቅራቢያቸው የሚደርስ ሕክምና አጥተው ነው። የሚያስረው አባት ራሱ ሲያለቅስ ያድራል። ሆኖም ሰንሰለት ሰንሰለት ነው፤ ሥጋ ይቆርጣል፣ ጡንቻ ያመነምናል፣ ታማሚው በወገኑ ላይ ያለውን እምነትም ይሰብራል። የማገገሚያ ክፍል ጥራት ከተነሣ እንግዲህ መለኪያው ቢያንስ ይህ መሆን አለበት፦ ክፍሉ ቤተሰቡ በፍቅርና በችግር ከሚያደርገው የተሻለ ነገር ይሰጣል ወይ?

በጥበቃ ክፍሎች ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ደኅንነትን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ግንቡ፣ በሩና ቁልፉ ነው። ሁለተኛው ሥርዓቱ ነው፤ ማን ምን ይዞ እንደሚገባ፣ ስለታም ዕቃ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ማን ማንን ሸኝቶ እንደሚወጣ የሚወስነው። ሦስተኛው ሠራተኛው ከታማሚው ጋር ያለው ግንኙነትና ስለ እርሱ ያለው ዕውቀት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በገንዘብና በመመሪያ ይገኛሉ። ሦስተኛው የሚገኘው አብሮ በመዋል ብቻ ነው፤ አደጋን አስቀድሞ የሚያስቀረውም እርሱ ነው። አንድ ታማሚ ሰሞኑን ምሳውን መተው እንደጀመረ፣ የወንድሙ መልእክት ከቀረበት ወዲህ ፊቱ እንደጠቆረ፣ በማታ ድምፅ ሲሰማ ወደ የትኛው ጥግ እንደሚሄድ የሚያውቅ ነርስ ጠቡ ሳይነሣ ያበርደዋል። በመስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መዝገብ የሚሞላ ነርስ ግን የሚደርሰው ወንበር ከተወረወረ በኋላ ነው።

ይህ የግምት ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሌን ባወርስ በተባለ ተመራማሪ የሚመራ ቡድን በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ቀላል የሚመስሉ ልማዶችን አስገብቶ ፈተነ። ሠራተኛና ታማሚ እርስ በርስ የሚጠብቁትን ነገር አብረው ጽፈው ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ክልከላን በለሰለሰ ቃል መናገር፣ መጥፎ ወሬ ከቤት ሲመጣ ታማሚውን ብቻውን አለመተው፣ ከክፍሉ ድነው የሚወጡት ለሚቀሩት የማበረታቻ ቃል ትተው እንዲሄዱ ማድረግ፣ እንዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ግጭቶች በ15 በመቶ፣ ታማሚን በኃይል መያዝ፣ ለብቻ መዝጋትና የመሳሰሉት እርምጃዎች ደግሞ ከ26 በመቶ በላይ ቀነሱ። አብዛኛው ወጪ ጊዜና ትኩረት ነው፤ ይህን ለማድረግ የደብረ ማርቆስ ነርስ ከለንደን ነርስ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

በጎጃም ባህል የግንኙነቱ ጥራት ገና በአጠራሩ ይታወቃል። የስድሳ ዓመት አባት፣ በአገሩ ሽማግሌ ሆኖ የደም ዕርቅ ያስታረቀ ሰው፣ በሃያ አምስት ዓመት ሠራተኛ «አንተ፣ ተነሥ» ሲባል ሕመሙ ሳይሆን ሰውነቱ ይነካል። «አባባ፣ ይነሡ» ማለት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ታማሚውን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ የሚጠሩበት ክፍል ሌላውን ሁሉ ቢያሟላ እንኳ ዋናው ነገር ጎድሎታል።

በኃይል መያዝ አንዳንዴ አይቀሬ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥራት የሚባለው ኃይሉ የመጨረሻ አማራጭ መሆኑ፣ የሠለጠኑ ሰዎች ማድረጋቸው፣ አጭር መሆኑና መመዝገቡ ነው። ታማሚን በደረቱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫን ትንፋሽ አሳጥቶ ሊገድል ይችላል። የሚያረጋጋ መርፌ የተወጋ ሰውም ትንፋሹና የልብ ምቱ ሳይታይ ጥሎት መሄድ አደገኛ ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከታማሚው ጋር ቁጭ ብሎ ምን እንደተፈጠረና ሌላ ጊዜ ምን እንደሚረዳው መነጋገር ይገባል። መዝገቡ የሚያስፈልገው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ኃይል የበዛው በየትኛው ተራ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በማን ላይ እንደሆነ ለማየት ነው። ሳይመዘገብ የሚታሰር ሰው ባለበት ስለ ጥራት መናገር አይቻልም።

ከሁሉ ሰፊ ትኩረት የሚገባው ግን በሁለት የመድኃኒት ሰዓቶች መካከል ያለው ቀን ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚያመጣው ድምፅ መስማትና ከንቱ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ፍላጎትን ያደክማል፣ ሐሳብን ያዘገያል፣ ሰውን ከሰው ያርቃል። መድኃኒት ድምፁን ሊያስታግሥ ይችላል፤ ሟሙቶ የቀረውን ፍላጎት ለመመለስ ግን አቅሙ ውስን ነው። ጆን ዊንግና ጆርጅ ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሦስት የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የረጅም ጊዜ ታማሚዎችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ሥራቸው እንዳሳዩት፣ ከታማሚዎቹ መሻሻል ጋር ከሁሉ ይበልጥ የተያያዘው ነገር ያለ ሥራ ተቀምጠው የሚያሳልፉት ሰዓት መቀነሱ ነበር። ድንዛዜው ከሕመሙ ብቻ ሳይሆን ከቦታውም እንደሚመጣ ያን ጊዜ ታወቀ። በግድግዳ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ የሚውሉ ሕሙማን ያሉበት ግቢ ጸጥ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ጸጥታው ግን ራሱ ጉዳት ነው።

የጎጃም ታማሚ ቀን ምን ይመስል ይሆናል? አብዛኛው ሰው ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ ነው። ማገገም ለእርሱ ማለት ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ ከብት ማሰማራት፣ አረም ማረም፣ በደቦ ከሰው ጋር ተሰልፎ ማጨድ፣ ገበያ ሄዶ ሒሳብ ሳይሳሳት መመለስ ነው። ለሴቷ ደግሞ ሊጡን አብኩታ ምጣድ ላይ መቆም፣ ጥጥ መፍተል፣ ልጇን አጥባ ማልበስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማገገሚያው ሥራ ከዚህ ሕይወት መቀዳት አለበት። ጓሮ ያለው ክፍል ድንችና ጎመን ያስተክላል፤ ሸማኔ የነበረውን ሽመና ላይ ያስቀምጠዋል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ታማሚዋ እጇን የምትፈትንበት ቦታ ይሆናል። ማንበብ የጀመረ ተማሪ መጽሐፉን ያገኛል፤ የቆሎ ተማሪ የነበረው ደግሞ ዳዊቱን። ባለሙያው የሚያየው የጎመኑን ብዛት አይደለም። ሰውየው ዛሬ ስንት ደቂቃ ሳይቋረጥ እንደሠራ፣ ትእዛዝ ስንት ጊዜ መደጋገም እንዳስፈለገው፣ ከጎኑ ካለው ጋር ቃል እንደተለዋወጠ ነው። ይህ በየሳምንቱ ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራም ከዚያ ይወጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታማሚ ሥራ በቀላሉ የተቋሙ ነጻ ጉልበት ይሆናል። ወለል የሚያጥበው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ የሠራተኛ ልብስ የሚያጥበው ታማሚ ከሆነና ይህም የእርሱን መሻሻል ሳይሆን የተቋሙን ወጪ የሚያግዝ ከሆነ ሕክምና መባሉ ይቀራል። ጠንካራ ሠራተኛ የሆነው ታማሚ እንዳይወጣ የሚፈለግበት ማገገሚያ ሥራውን ገልብጦታል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ በአገራችን በብዛት የሚሰጡት እንደ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉት የቆዩ ዓይነቶች ናቸው። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለማይሆንለት በየጥቂት ሳምንቱ የሚወጋ የፍሉፌናዚን መርፌ አለ። ይሠራሉ፤ ነገር ግን እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ምራቅ ያዝረከርካሉ፣ ሰውነት ያደርቃሉ፣ አንገትን ወይም ዓይንን በድንገት ጠምዝዘው ሊያስፈሩ ይችላሉ። ይህ እንደሚመጣና መፍትሔ እንዳለው አስቀድሞ ያልተነገረው ታማሚ መድኃኒቱን እንደ መርዝ ቆጥሮ ይሸሸዋል፤ ቤተሰቡም ይደግፈዋል። ሌሎቹ ለማይመልሱት ሰው ክሎዛፒን አለ፤ የነጭ ደም ሕዋስን ሊያጠፋ ስለሚችል ግን በመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት በየሳምንቱ የደም ምርመራ ይፈልጋል። ሊትየምም እንዲሁ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይለካ አይሰጥም። ላቦራቶሪ የሌለው ማገገሚያ ለከባዱ ታማሚ ሊሰጠው የሚችለው ሕክምና ከዚያው ያጥራል።

የሥጋ ጤና ነገር ከዚህም በላይ ያስጨንቃል። በቡታጅራ በተደረገው ሰፊ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ታይተው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ነበር። በ10 ዓመት ክትትል የተገኘው ውጤት፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ብዙዎቹን የገደለው ተላላፊ በሽታን የመሰለ፣ ሌላው ሰው የሚታከምለት ሕመም ነው። «ደረቴን ወጋኝ» የሚል ታማሚ ሕመሙ ከአእምሮው ነው ተብሎ ሳይመረመር ይቀራል። በተጨናነቀ መኝታ ክፍል የሳንባ ነቀርሳና እከክ በቀላሉ ይዛመታሉ። ስለዚህ ጥሩ ማገገሚያ ታማሚው ሲገባ ክብደቱን፣ የደም ግፊቱን፣ ሳሉን፣ ጥርሱን አይቶ ይመዘግባል፤ በየወሩም ይመለስበታል። በቂ ምግብ፣ ንጹሕ አንሶላና ሙቅ ብርድ ልብስ በደጋው ብርድ የሕክምናው አካል ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የታማሚው ድምፅ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ያጠቃልላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የአእምሮ ሕክምና ተቋማት የሚመዘኑበትን መሣሪያ አወጣ። መዛኙ የሚያየው በአምስት ነገር ነው፦ ኑሮው ለሰው የሚገባ መሆኑን፣ ታማሚው ሙሉ ሕክምና ማግኘቱን፣ በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብቱ መጠበቁን፣ ከድብደባና ከውርደት መጠበቁን፣ ከሕዝብ መካከል ለመኖር መታገዙን። ተቆልፎ የተቀመጠ ሰውም ቢሆን ምን መድኃኒት ለምን እንደሚሰጠው የማወቅ፣ ለቤተሰቡ የመደወል፣ ጠያቂ የመቀበል፣ ቅሬታውን ለተቋሙ ሠራተኛ ላልሆነ ሰው የማቅረብ መንገድ ሊኖረው ይገባል።

ቅሬታ የሚሰማ የውጭ ጆሮ የግድ የሚያስፈልገው፣ በደል በተዘጋ ቤት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ መኖር ስለሚችል ነው። በዌልስ ካርዲፍ ከተማ በሚገኘው የኢሊ ሆስፒታል የነበረው ግፍ የታወቀው አንድ ረዳት ሠራተኛ ለጋዜጣ በመናገሩ ነው፤ የምርመራው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1969 ወጥቶ የአገሪቱን የቁጥጥር ሥርዓት ቀየረ። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በማንቸስተር አቅራቢያ ባለው የኤደንፊልድ የጥበቃ ክፍል ሠራተኞች ታማሚዎችን ሲሳለቁባቸውና ሲያንገላቱ የቢቢሲ ድብቅ ካሜራ ቀረጻቸው። ባለሀብት አገር፣ ብዙ ተቆጣጣሪ ያለበት አገር እንኳ ከዚህ አልዳነም። የተቆጣጣሪ ጉብኝት ቀኑ ይታወቃል፤ የጠያቂ ዘመድ መምጣት ግን አይታወቅም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አስታማሚ ከታማሚው አጠገብ መዋል ማደሩ በዚህ ረገድ ትልቅ ሀብት ነው። ወረፋና ጥበት ያስከትላል ተብሎ ከመከልከል ይልቅ ሥርዓት አበጅቶለት ማቆየት ይሻላል። ዘመድ የሌለው ታማሚ ደግሞ ከሁሉ በላይ የተጋለጠ ነውና ለእርሱ ጠያቂ ሊፈለግለት ይገባል፤ የሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር ይህን ሊያደርግ ይችላል።

የሠራተኛው ሁኔታ ከታማሚው ሁኔታ አይለይም። ጥቂት ሰው ለብዙ ታማሚ በሌሊት ተራ ሲመደብ ፍርሃት ይገባዋል፤ የፈራ ሠራተኛ ደግሞ ቶሎ ያስራል፣ ቶሎ ይወጋል። የሳይካትሪ ነርስነት ሥልጠና ያላቸው ሰዎች ወደ ሌላ ክፍል የሚዛወሩበት፣ የጥበቃ ሠራተኛው ስለ ሕመሙ አንድ ቀን እንኳ ሳይማር በር ላይ የሚቆምበት አሠራር የሕክምናውን ጥራት ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ታማሚው ከሐኪሙ ይልቅ አብዝቶ የሚያየው ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ነው፤ ሥልጠናው እነርሱንም ማካተት አለበት።

በጎጃም ስለ ማገገም ሲነገር ጠበልን መዝለል አይቻልም። በሰከላ የግሽ ዓባይ ምንጭን ጨምሮ በየደብሩ ያሉ ጠበሎች የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሆስፒታል በፊትም በኋላም የሚሄዱባቸው ናቸው። ችግሩ የሚነሣው ታማሚው «ከጠበል ጋር አይሄድም» ተብሎ መድኃኒቱን ሲተው ነው፤ ሕመሙም ያገረሽበታል። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበልንም መድኃኒትንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን አስተምረው ነበር። በአዲስ አበባም የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት በጠበል ቦታ ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ለደብረ ማርቆስ አካባቢ ይህ ቅርብ መንገድ ነው። መምሬው «ክኒንህን ዋጥ» ያሉት ታማሚ ከሐኪም ምክር ይልቅ የእርሳቸውን ይሰማል። የጾም ሰዓትና የመድኃኒት ሰዓትም ሐኪሙ ካወቀ ሊስማሙ ይችላሉ፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ወደ ማታ እንዲዞር ማድረግ ወይም በመርፌ መተካት ይቻላል።

የማገገሚያው ፈተና በሙሉ የሚታየው ታማሚው በሚወጣበት ሰሞን ነው። መውጣት የሚዘጋጀው በገባበት ቀን ነው፤ ቤተሰቡ ማን እንደሆነ፣ መሬቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ሚስቱ ትጠብቀው እንደሆነ ያን ጊዜ ይጠየቃል። ለብዙ ዓመት የራቀ ሰው ተመልሶ ሲመጣ መሬቱ በሌላ ሰው ታርሶ፣ ጎጆው ፈርሶ ሊጠብቀው ይችላል። ሽማግሌዎችና የቀበሌው ሰዎች አስቀድመው ካልገቡበት ታማሚው የሚመለሰው ወደ ጠብ ነው፤ ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚታወቀው ደግሞ ነቀፋና ቁጣ በበዛበት ቤት ሕመሙ አብዝቶ ያገረሻል። ቤተሰቡ ድንዛዜው ስንፍና አለመሆኑን፣ እንቅልፍ ማጣት የማገርሸት መጀመሪያ መሆኑን ከተማረ ብዙ ነገር ይድናል።

ጣሊያን በዚህ ረገድ ከሁሉ ርቃ ሄዳለች። ፍራንኮ ባዛሊያ የተባለው ሐኪም በትሪዬስቴ ከተማ ሕሙማንን ወደ ሕዝቡ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሕግ አገሪቱ አዲስ ታማሚ ወደ ድሮዎቹ የአእምሮ ሆስፒታሎች ማስገባት አቆመች። ወንጀል የፈጸሙ ሕሙማን ይታሰሩባቸው የነበሩትንም ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2014 ሕግ ዘግታ፣ እያንዳንዳቸው ከ20 አልጋ የማይበልጡ ትንንሽ ማገገሚያዎችን ተካች። ቆይታውም ለወንጀሉ ከተወሰነው ከፍተኛ ቅጣት በላይ እንዳይሄድ ሕጉ ወሰነ። በተቃራኒው በደቡብ አፍሪካ የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር መንግሥት ሕሙማንን ከላይፍ ኤሲዲሜኒ ተቋም አውጥቶ ዝግጅት ወደሌላቸው ቤቶች በጥድፊያ ሲበትናቸው 144 ሰዎች በረሃብ፣ በብርድና በመድኃኒት እጦት ሞቱ። የቀድሞው ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቤተሰቦቻቸው ካሣ ወሰኑ። በሩን መክፈት የሚያድነው ከበሩ ውጭ የሚቀበል ሲኖር ነው።

እንዲህ የሚቀበል ሥርዓት በገጠርም ሊሠራ እንደሚችል በሶዶ ታይቷል። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ላይ ለአንድ ዓመት የቤት ለቤት ማገገሚያ ሲጨመር ታማሚዎቹ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያለባቸው ጉድለት ይበልጥ እንደቀነሰ አሳየ። የቤት ለቤቱን ሥራ የሠሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በጎጃም ደጋም ጤና ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሉ፤ ዕድርና ደቦም አሉ። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የሚወጣ ታማሚ ወረቀቱ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ተልኮ፣ የሚወጋው መርፌ እዚያው ተቀምጦ፣ ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም፣ 300 ኪሎ ሜትር መጓዙ ይቀርለታል።

መርፌው ግን መድረስ አለበት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት ይቋረጣል፤ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ሲቋረጥበት የወራት ማገገሙ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዘመን በጎጃም የሚሠራ ማገገሚያ ታማሚውን ሲያወጣ የወራት መድኃኒት አስይዞ፣ ለቤተሰቡ የማገርሸት ምልክቶችን በጽሑፍ ሰጥቶ፣ መንገድ ቢዘጋ የትኛው ቅርብ ጤና ጣቢያ እንደሚቀበለው ነግሮ መሸኘት ይኖርበታል። ተከትሎም በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ሰውየው የት እንዳለ፣ መርፌውን ተወግቶ እንደሆነ፣ ዘንድሮ አርሶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱንም ከመግቢያው መዝገብ አጠገብ ይጽፋል።